ስሙኒ የምታህለው ጌጅ

ዛሬ ጠዋት የደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ የገዛ ክንዴን ላንቅ ምንም አልቀረኝም። ነርሷ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠምጥማ እንዳበቃች ከውጭ ተጠራችና "አባባ፣ ምንም እንዳይነኩ፤ መጣሁ" ብላኝ ወጣች። ሰባውን የዘለለ ሰው ምንም አትንካ ሲባል አንድ የሚነካ ነገር አለ ማለት ነው። መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክብ፣ ባለ መርፌ፣ የኪስ ሰዓት የመሰለ። ጎንበስ ብዬ ሳየው መርፌዋ ዜሮ ላይ አይደለችም፤ በፀጉር ያህል አልፋ ቆማለች። እኔ ደግሞ ዜሮዋን የሳተች መርፌ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ትመለስ እንደሆን ልይ ብዬ ጎማውን ጨብጬ ነፋሁ፣ ነፋሁ፤ ከዚያ አየሩን ላስወጣ ስል ብሎኗን ማላላት ሲገባኝ ይባስ አጠበቅኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ብሎን ስፈታ የኖርሁ ሰው ነኝ እንግዲህ። ነርሷ ስትመለስ ጣቶቼ የበሰለ ሾላ መስለዋል።

"አባባ፣ ምን ነካዎት?"

"ልጄ፣ መርፌሽ ትዋሻለች።"

"መርፌዋስ ደኅና ናት፤ እጅዎ ነው የማያርፈው" አለችና አየሩን ለቀቀችው። ትንሽ አሳርፋ ስትለካኝ ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል። ጨው ይቀንሱ፣ አይናደዱ አለችኝ። የተናደድሁ መስሏት ነው እንጂ እኔስ ፈርቼ ነበር። ክብ መስታወት ውስጥ የምትንቀጠቀጥ መርፌ ባየሁ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይነሣል፤ ይኸውም የጨው ጉዳይ ሳይሆን የዚያን ዘመን ጉዳይ ነው።

ያኔ ባሕር ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የምትታለፍ ከተማ ነበረች። ዘንባባዎቹ ገና ወጣት ነበሩ፤ እኔም እንደዚያው። ክንድ የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ ከጀልባ ላይ በስሙኒ ይገዛል፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም፣ ስኳር ግን በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ነው፤ ስኳር ተገኘ ከተባለ ሰልፉ ጊዮርጊስ አጥር ድረስ ይደርሳል። የፋብሪካው ልጆች ከኤርትራም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከሲዳሞም የመጡ ስለነበሩ በሰልፉ ላይ አምስት ዓይነት አማርኛ ይሰማል። ሱሪ ማለት ቤል ቦቶም ነው፤ ከጉልበት በላይ ያንቃል፣ ከጉልበት በታች ጫማውን ውጦ መንገድ ይጠርጋል። ፀጉሬ አፍሮ ነበር። ዛሬ ይህንን ራስ የሚያይ አያምነኝም፤ ሚዶ ሰክቼበት ውዬ ማታ ስፈልገው የማጣው ፀጉር ነበረኝ። ሻይ ቤቶቹ ትልልቅ ሬዲዮ በራቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። መጀመሪያ የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ኋላ ኋላ ሰልፍ ሰልፍ የሚል መዝሙር በዛ፤ ከዚያም የተረሸኑ ሰዎች ስም የሚነበብበት ጊዜ መጣ። ስም ሲነበብ ሻይ የሚያማስል ሰው አልነበረም። ሁሉም ማንኪያውን አንሥቶ ይይዛል፣ አንባቢው ሲያበቃ መልሶ ይከተዋል።

እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የብረት ማዞሪያው ቶርኖ ላይ ነበርሁ። ብረት ማዞር ያስተማረኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህሬ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ለውጡ ሲመጣ ሻንጣውን እንኳ በወጉ ሳይዘጋ አገሩ ገባ። ሲሄድ በጆንያ ጠቅልሎ አንድ ነገር ተወልኝ፤ ክንድ የምታህል፣ በእጁ የሠራት የእንፋሎት ባቡር። ቦይለሯ፣ ውኃው የሚፈላበት ሆዷ፣ ከመዳብ፣ መንኮራኩሮቿ ስድስት፣ የጭስ መውጫዋ ጣት የሚያህል። ውኃ ሞልተው ከሥሯ እሳት ቢያነዱ እንደ እናቲቱ ባቡር የምትሄድ ናት። እኔ በዕድሜዬ ባቡር አይቼ የማላውቅ ሰው ነበርሁ፤ ባሕር ዳር ባቡር ከየት ይመጣል? ብቻ ማታ ማታ ከጆንያዋ አውጥቼ አልጋዬ ላይ እገፋት ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ለመናገርም አያሳፍረኝም። ጉድለቷ አንድ ነበር። ጌጅ፣ የእንፋሎቱ ግፊት መለኪያ፣ የሚቀመጥበት ቀዳዳ በእንጨት ተወትፏል። መምህሬ የመጨረሻ ቃሉ "ያለ ጌጅ እሳት እንዳታነድባት፤ ፊትህ ላይ ትፈነዳለች" የሚል ነበር። ጌጇ ታዲያ ስሙኒ የምታህል መሆን ነበረባት።

ጌጅ ለሚያውቀው ቀላል ነገር ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ማጭድ የታጠፈች፣ ጫፏ የተደፈነ ጠፍጣፋ ቱቦ አለች። እንፋሎት ሲገባባት ልትቃና ትሞክራለች፤ ያንን ሙከራዋን ትንሽ ጥርስ ተቀብላ መርፌ ታዞራለች። በቃ ይኸው ነው። ስሙኒ ውስጥ ክተተው ሲባል ነው ሰው እናቱን የሚጠራው። ቱቦዋን ከእስክሪብቶ አወጣኋት፤ ያኔ የቀለም መያዣው ከናስ የሚሠራ እስክሪብቶ ነበር። አንዷን ከሰል ላይ አግዬ ስደፈጥጣት ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋን ስጠመዝዛት ታጥፋ ቀረች። ሦስተኛዋን ቀለሙ ሳያልቅ ቆርጫት ሸሚዜ ላይ ሐይቅ ሠራች። አምስተኛዋ እሺ አለችኝ። ጥርሶቹን ከአንዲት የሞተች የሴት የእጅ ሰዓት ወሰድሁ፤ የጎደለውን በሞረድ ፋቅሁ፤ ቁጥሮቹን በአንዲት የድመት ፀጉር ቀለም እየነከርሁ ጻፍሁ። ድመቷ የአከራዬ ስለነበረች ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ገላዋን ደግሞ ከአንድ የናስ ቁራጭ በምሳ ሰዓት በቶርኖ አወጣሁ፤ ሰው ሁሉ የፖለቲካ ውይይት ላይ ሆኖ ማሽኑ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት። በመጨረሻው ትንፋሼን ይዤ ነበር የምቆርጠው፤ ግድግዳዋ ከመጽሐፍ ልባስ የሳሳ ነበርና።

ያች ቁራጭ ናስ ነበረች ጉዱ። ዛሬ ብትጥላት ቆራሌው እንኳ የማያነሣት ነገር ያኔ የሕዝብ ንብረት ነበረች። ከጥቂት ጊዜ በፊት ፈትል ክፍል አንድ ሞተር ተቃጥሎ ኃላፊው አሻጥረኛ ተብሎ ከሥራ ልብሱ ጋር ተወስዷል። ቀይሯት የነበረችው ጫማው ከመስቀያው ሥር ሳምንታት ተቀመጠች። ማንም አላነሣትም፤ ሰው ሁሉ እንዳይነካት ዞሮ ያልፍ ነበር። እኔ ታዲያ በዚያ መካከል የሕዝብ ናስ ለመጫወቻ እጠርባለሁ። በር ላይ ሲፈትሹን ኪስ ይዳብሳሉ፣ የምሳ ዕቃ ያስከፍታሉ፣ ጫማ ያስወልቃሉ፤ ፀጉር ግን አይነኩም። ጌጇን አፍሮዬ ውስጥ ቀብሬ አንገቴን ሳላዞር አገባና አስወጣ ነበር። ጥበቃው ሲጠራኝ መላ አካላቴን ነው የማዞረው። አንገቱን ብርድ መቶታል ይሉ ነበር።

ይህንን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የፋብሪካው ቦይለር ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ። የጣና ዳር ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ጀልባ ሠሪ። በዐሥር ዓመት ይበልጡኛል። ባቡሬን "በቅሎህ" ይሏት ነበር። በቅሎህ ጨሰች ወይ፣ በቅሎህ ወለደች ወይ እያሉ ይዘልፉኛል እንጂ ለሰው አይነግሩም።

ጌጇ ካለቀች በኋላ መፈተን ነበረባት። ግማሽ ካሬ ሳንቲሜትር ጫፍ ያላት ዘንግ ሠርቼ ዘይት የሞላ ቱቦ ውስጥ ከተትሁ። ከጎረቤቴ ከጨው ነጋዴዋ የሚዛን ድንጋይ ተዋስሁና ግማሽ ኪሎ ስጭንባት መርፌዋ የቆመችበትን አንድ ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ግማሽ ስደርብ ሁለት፤ እንዲያ እንዲያ እያልሁ እስከ ዐሥራ ሁለት። ድንጋዮቹን በማግስቱ መለስሁ። በዚህ አበቃ ብል ምን ነበረበት? ግን ትዕቢተኛ ነበርሁ። በዘይት ሳይሆን በእውነተኛ እንፋሎት ስትንቀሳቀስ ልያት አልሁ። ጋሽ እንድሪስን ለመንኋቸው። ረመዳን ነበር፤ በጾም ሰዓት ክርክር አልፈለጉም። ከቦይለሩ ትልቅ ጌጅ ሥር ያለችውን የመሞከሪያ ቧንቧ በጠምዛዛ መዳብ አገናኝተን የኔዋን ገጠምናት። ትልቁ ጌጅ፣ ትሪ የሚያህለው፣ ሰባት ይላል። የኔዋ ዘጠኝ አለች።

ጋሽ እንድሪስ ሳቁብኝ። "በቅሎህ ከባለቤቷ ይልቅ ትኮራለች" አሉ። እኔም አፍሬ ነቅዬ አፍሮዬ ውስጥ ከተትኋት፤ ቤቴ ስገባ ድንጋዮቹን ዳግመኛ ተውሼ ፈተንኋት። አልተሳሳተችም። በማግስቱ ጧት ቦይለሩ ገና ሲሞቅ ሄጄ እንደገና ገጠምሁ። ትልቁ ሦስት ሲል የኔዋ አምስት፤ ትልቁ አምስት ሲል የኔዋ ሰባት። ለጋሽ እንድሪስ "አሁንም ትዋሻለች" ብያቸው ወጣሁ። እውነቱ ግን ገብቶኝ ነበር። ልዩነቱ የትም ሁለት ከሆነ የሳተችው የትልቁ ጌጅ ቱቦ አይደለችም፤ ከመጀመሪያው መርፌዋ ያለቦታዋ ተተክላለች ማለት ነው። የትልቁን ጌጅ መርፌ የተከላት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት እሑድ ቀን ነው። የትልቁ ጌጅ መስታወት ተሰብሮ መርፌው ወድቆ ነበርና ሰኞ ጧት ሥራ እንዳይስተጓጎል ከቤቴ አስጠሩኝ። አዲሱን ሱሪዬን ለብሼ ወደ ዘንባባው ልወጣ ስል ነው የደረሱብኝ። ቡናማ ቴትሮን፣ ስፌቱን ጨምሮ ሃያ ሁለት ብር፤ ታጥፎ ሲቀመጥ ጠርዙ ዳቦ የሚቆርጥ። ደንቡ መርፌ ከመትከል በፊት የመሞከሪያዋን ቧንቧ ከፍቶ ቦይለሩ ውስጥ ትንፋሽ አለመቅረቱን ማየት ነው። ቧንቧዋ ስትከፈት ዝገት ውኃ ትረጫለች። እኔም ሱሪዬን አየሁ፣ ቧንቧዋን አየሁ፤ ቅዳሜ የጠፋ እሳት እስከ አሁን በርዷል ብዬ ቧንቧዋን ተውኋትና መርፌዋን ዜሮ ላይ ተከልሁ። በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ግን ሁለት ኪሎ ግፊት ተቀምጦ ነበር። ዜሮ ያልሁት ሁለት ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሴፍቲ ቫልቭዋ፣ ግፊት ሲበዛ በራሷ ተከፍታ የምትተነፍሰው፣ መርፌው ስድስት ላይ ገና ሳለ መጮህ አመጣች። የምርት ውድድር ነበር፤ ማቅለሚያው እንፋሎት አነሰኝ ይላል። የምርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር መጣ፣ ጌጁን አየ፣ ቫልቭዋን ሰማ፣ "የቫልቭዋ ሞላ ደክሟል፤ አጥብቋት" አለ። ጋሽ እንድሪስም ታዝዘው አጠበቋት። ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለች። እውነቱን ስትጮህ የነበረችው እርሷ ናት፤ የሚዋሸው ጌጅ ግን ትሪ ስለሚያህል ሁሉም እርሱን አመነ። ቦይለሩ ስምንት ኪሎ እንዲችል የተሠራ ነው፤ እኛ ሰባት እያልን በዘጠኝ እንነዳው ነበር። ውድድሩ ሲጋጋል ደግሞ ስምንት በሉት ይሉ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ማቅለሚያ ክፍል ነው፤ በአንድ ፈረቃ ከስድሳ የማያንሱ ሴቶች። ከግድግዳው ወዲህ ጋሽ እንድሪስ።

አሁን እንግዲህ ጀግና ብሆን ሮጬ እናገር ነበር። እኔ ሁለት ቀን ዝም አልሁ። ብናገር እንዴት አወቅህ ይሉኛል፤ ናሷ ትወጣለች። መርፌውን ማን ተከለ ይሉኛል፤ እኔ። የፈትል ክፍሉ ሰውዬ ሞተሩ በራሱ ተቃጥሎበት ነው የሄደው፤ እኔ በእጄ ተክዬ ምን እላለሁ? በእነዚያ ሁለት ቀናት ከቶርኖዬ ይልቅ ሽንት ቤት ቆየሁ፤ ከፋብሪካው ወፍራሙ ግድግዳ እዚያ ነበርና። ቧንቧ በተንኳኳ ቁጥር አንገቴን እቀብራለሁ። ምሳዬን በአጥሩ ጥግ ከዘበኛው ውሻ ጋር በላሁ። ሴቶቹ ከማቅለሚያ ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርን ሰማያዊ ሆኖ፣ እየተሳሳቁ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲያልፉ ዓይኔን ጫማዬ ላይ አደርግ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ እንድሪስ ከቦይለር ቤቱ ደጃፍ ጠሩኝ።

"አያሌው፣ ምን ሆነህ ነው እንደ ድመት ግድግዳ ግድግዳውን የምትሄደው? በቅሎህ ሞተችብህ?"

ወደ ውስጥ ገባሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሱሪውን ጭምር። ሲሰሙኝ ዓይናቸው ከትልቁ ጌጅ አልተነቀለም።

"ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?"

"ሁለት።"

"ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ፊቷ ቆሜ?"

ግንባራቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እኔ እኮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰሞኑን ድምጿ አልጥም ብሎኝ ለጾሙ ሰጥቼው ነበር።" ከዚያ ወደ ማንደጃው ሄዱ። "ልዘጋት ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ የቦይለሩ ውኃ ወረደብኝ እላለሁ።"

"ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ ልናገር" አልኋቸው። እንቢ እንዲሉኝ እየጸለይሁ ነበር ያልሁት።

"ምን ልትል? ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው ልትል? እኔን ለእንቅልፍ ያስሩኛል። አንተን ለዚያች መርፌ ይገድሉሃል። ዞር በል አሁን።"

እሳቱን ዘጉት። የቦይለር እሳት ሲዘጋ ቤቱ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። ማድረቂያው ቆመ፣ ማቅለሚያው ቆመ፣ ሴቶቹ ምን ተፈጠረ እያሉ በር ላይ ወጡ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጾሙ አድክሟቸው እንዳሸለቡ፣ ሲነቁ ውኃው ወርዶ እንዳገኙትና ፈርተው እሳቱን እንዳጠፉ ተናገሩ። በውድድር ሰዓት የሚተኛ ሠራተኛ ምን ዓይነት ንቃተ ኅሊና እንዳለው ሊቀ መንበሩ ለረጅም ጊዜ ነገራቸው። እኔ ባዶ ጣሳ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ጣሳው ምን እንደሚሠራልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲወስዷቸው ባጠገቤ አለፉና ወደ እኔ ሳያዩ እንዲህ አሉኝ፦ "ባለቤቴ ሐሙሲት ሄዳ ዘመድ ጋ ናት። ለማፍጠሪያ የምትሆን ሾርባ አቀብለኝ።" የለመኑኝ ይህችን ብቻ ነው።

ሊቀ መንበሩ "ከቆመ አይቀር ቦይለሩን ፈትሽ" ብሎ እኔኑ አዘዘኝ። እንፋሎቱን አስወጣሁ፤ የመሞከሪያዋን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈትኋት፤ ዝገቷን ከአገጬ እስከ ጉልበቴ ረጨችኝ፤ ደስ ብሎኝ ቆምሁላት። ትንፋሿ ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ መርፌዋን ዜሮ ላይ ተከልሁ፤ ቫልቭዋንም ወደ ቦታዋ መለስሁ። በማግስቱ ማቅለሚያው ሥራው ተንቀራፈፈ፤ ውድድሩንም ተሸነፍን፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀረ።

በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመስጊዱ ጎን ካለው ሻይ ቤት በወተት ጣሳ የምስር ሾርባ አስቀድቼ ወደ ቀበሌው ሄድሁ። ጋሽ እንድሪስና ሌሎቹ ታሳሪዎች ያሉት ከቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ነው። በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ስንቅ ያመጡ ሴቶች በተራ ይቆማሉ፤ ስም ይላል፣ የሥራ ቦታ ይላል፣ ምኑ ነሽ ይላል፤ ይጽፋል። ከፊቴ አራት ሰው ነበር፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ ሁለት። አፍሮዬ ውስጥ ጌጇ አለች፤ ያን ጧት አውጥቼ መደበቅ እንኳ ረስቻለሁ። ራሴ ላይ ተራራ የተጫነ መሰለኝ። አያሌው፣ ቶርኖ፣ ምኑ ነህ? ምናቸው ነኝ ልበል? አዛን ሲሰማ ተራዬ ደረሰ። ጥበቃው ቀና ሲል አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ግንባሬን መትቼ ተመለስሁ።

ሐይቁ ዳር ዘንባባው ሥር ደርሼ ነው የቆምሁት። ጌጇን ከፀጉሬ አውጥቼ ወረወርኋት፤ ድምፅ እንኳ በወጉ አላሰማችም። ባቡሯ ይኸው እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ናት፤ እሳት አይታ አታውቅም። ጣሳው ግን እጄ ላይ ቀረ። ይዤው ብታይ ለማን ነው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ልደፋው ስል ደግሞ ሾርባ መድፋት ነውር ሆኖ ታየኝ። ጠጣሁት። ምላሴን አቃጠለኝ፤ እስከ ታች ጠጣሁት። ጥሩ ሾርባ ነበር፤ ይህንን መካድ አልችልም።

ጋሽ እንድሪስ ከዐሥራ ሰባት ቀን በኋላ ከስተው ወጡ፤ ከቦይለሩም ተነሥተው ግቢ ጠራጊ ሆኑ። መጀመሪያ ያሉኝ "ሾርባዋስ?" ነው። እኔም ሳላስበው "ለጥበቃው ሰጥቼው ነበር፤ አላቀበለዎትም እንዴ?" አልኋቸው። በቃ፣ ጥበቃው በላብኝ ብለው ቀሩ። ዘመኑ አልፎ፣ ሌላ ዘመን መጥቶ፣ ያ ጥበቃ ሰፈራችን ውስጥ እህል ወፍጮ ከፍቶ ሲኖር እርሳቸው እህላቸውን ሌላ ወፍጮ ያስፈጩ ነበር። በየሰርጉና በየለቅሶው ያችን ሾርባ ያነሣሉ፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሰውዬው ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆመው "ሾርባዬን ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። ሟቹ ባልበላው ሾርባ ምሕረት ተደረገለት፤ የበላው እኔ ግን ቁጭ ብያለሁ።

ባለፈው ረመዳን እውነቱን ነግሬ ልጨርሰው ብዬ ቆረጥሁ። እርሳቸው ሰማንያ አምስት ሊሆናቸው ነው፤ የኔም ግፊት እንደነገርኋችሁ ነው። ሊያፈጥሩ ሲሉ ቤታቸው ገባሁ፤ ንግግሬን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አጥንቼዋለሁ። "ጋሼ፣ የዚያን ጊዜዋን ሾርባ..." ብዬ ከመጀመሬ አቋረጡኝ። "ተወው እባክህ፣ ሞቷል ሰውዬው። ይልቅ ተቀመጥ፤ ዛሬ የኔ ቤት ሾርባ ነው" አሉና በልጃቸው ጎድጓዳ ሣሕን አስመጡ። በሁለት እጃቸው ራሳቸው ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁት። ድገም አሉኝ፤ ደገምሁ። አንዲት ጣሳ ልከፍል ገብቼ ሦስት ተበድሬ ወጣሁ።